የሰው በዓል ተረኛ

በዓል ሲነሳ ሰው የሚያወራው ስለ ሰልፉ፣ ስለ ርችቱ፣ ስለ አዲስ ልብስና ስለ ተበላው ነው። በዚያ ቀን ሥራ ቦታ ማን እንደቀረ የሚጠይቅ እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔም ባይወራ ግድ አልነበረኝም፤ ስንት ነገር ሳይወራ አልፏል። እትዬ ተረኛን ሳስብ ግን ዝም ማለት ያቅተኛል።

የምንሠራው የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። ከዋናው ሕንፃ ጀርባ፣ ከመሬት ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ጣሪያው ሥር የተለጠፈ ቤት ነው። ከውጭ የሚታየን የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ጠዋት የቆሸሸው በግራጫ ከረጢት ይገባል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ንጹሑ በጋሪ ይወጣል። በመሃል ያለው እንፋሎት፣ በረኪናና ጩኸት ነው። ግድግዳው ራሱ እንደኛ ያልበዋል።

እዚያ ቤት ውስጥ ከተለያየ አገር የመጣን፣ በተለያየ እምነት ያደግን ሴቶች አለን። በዓሉም እንደዚያው ነው። የአንዳንዷ ጨረቃ እየተጠበቀ ይመጣል፤ የአንዳንዷ ቀኑ እንደ ምስማር ተቸንክሮ ይቀመጣል። አንዷ በበዓሏ ማግሥት ጥፍሯ ሥር ቀይ ዱቄት ቀርቶባት ትመጣለች። ሌላዋ መብራት ስታበራና ስታጠፋ አምሽታ ቆማ ታንቀላፋለች። ሌላዋ ደግሞ ውሃ ስትራጭ ውላ ሳምንቱን በማስነጠስ ትጨርሰዋለች። አንድ ጊዜ ባለ ዱቄቷ ፀጉሯን በደንብ ሳትታጠብ መጥታ፣ ከሻሿ ሥር የረገፈው ቀለም አንድ ጋሪ የትራስ ልብስ ሮዝ አድርጎብን ቁጭ አለ። ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች። እትዬ ተረኛ አንዱን አንስታ ብርሃን ላይ ያዘችውና፣ «ሕፃናት ክፍል ይሂድ፤ ሲያምርባቸው!» አለች። እውነትም ልጆቹ ወደዱት፤ ነጩን አንፈልግም ብለው ነርሶቹን አስቸገሩ።

ተረኛ ያሏት ጋሽ እንፋሎት ናቸው፤ የቦይለሩ ሠራተኛ። በማንም በዓል ቀን ሲመጡ ማሽኑ ሥር የሚያገኟት እሷን ስለሆነ፣ «አሁንስ ስምሽ ተረኛ ነው» አሏት። እሷም ዕዳ አላሳደረችም፤ «እርስዎም ጋሽ እንፋሎት» ብላ እዚያው መለሰችላቸው። ሁለቱም ስሞች ተጣብቀው ቀሩ።

እትዬ ተረኛ ወፍራም፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ወደ ጎን እየተንገዋለለች የምትሄድ ሴት ናት። ክንዷ ላይ የመተኮሻው ሮለር የተወላት ረጅም ጠባሳ አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ማሽኑን ለማሸነፍ ስትጮህ ስለኖረች ድምፅ መቀነስ አይሆንላትም። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ጎኔ ተቀምጣ በሹክሹክታ፣ «ባልየው እኮ አላለቀሰም» ስትለኝ ባልየው ከማዶ ዘወር ብሎ አየን። ሁለት ሴት ልጆቿን ያለ አባት ያሳደገችው በዚህ ሥራ ነው። ቤቷ ሄጄ እንዳየሁት አልጋውም፣ ጠረጴዛውም፣ ልጆቹም አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ሁሉም ግን እንደ አንሶላ ጥግ ለጥግ የተጣጠፈ ነበር።

እኔ ሳልቀጠር በፊት ነው አሉ፣ አንዲት ልጅ ለበዓሏ ፈቃድ ተከልክላ እርጥብ አንሶላ ላይ ስታለቅስ እትዬ ተረኛ አየቻት። «ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት። ነገረቻት። «ሂጂ። ያንቺን እኔ እቆማለሁ።» ልጅቷ ውለታውን ልመልስ ብትላት፣ «ለእኔ አይደለም፣ ለቀጣይዋ ቁሚላት» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ይሄ የቤቱ ሕግ ሆነ፤ ቀን መስጠት እንለዋለን። ልመና የለም፣ ምክንያት መደርደር የለም። አንዷ «በዓሌ ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «ሂጂ» ትላለች፣ አለቀ። የተሰጠ ቀን ደግሞ አይነጠቅም። ማንም የጻፈው አልነበረም፤ ግን በሆስፒታሉ ውስጥ እንደሱ የተከበረ ሕግ አላውቅም።

አዲሱ ኃላፊ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ሲያናግሩት የእጅ ሰዓቱን ስለሚያይ ባለ ሰዓቱ አልነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥርዓት የሚወድ ወጣት ነበር። ሁላችንንም በማጣጠፊያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበንና፣ «ከእንግዲህ እረፍት በተራ ነው» አለ። «ተራዋ ያልሆነች፣ በዓሏም ቢሆን ትገባለች። ሥራ የማን በዓል እንደሆነ አያውቅም።»

እኛ መሬት መሬት አየን። እትዬ ተረኛ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። በበዓል ምክንያት አንሶላ ጎድሎ ያውቃል?»

«እኔ እስከማውቀው… አያውቅም።»

«ታዲያ ሆስፒታል ውስጥ ሆነው ያልታመመውን ለምን ያክማሉ?»

ጋሽ እንፋሎት ሳቃቸው አመለጣቸው። ባለ ሰዓቱ ቀላ፤ ግን አልተቆጣም። «እሺ» አለ። «ንጹሑ ጋሪ የሚወጣው ስምንት ሰዓት ነው። በበዓል ምክንያት አንድ ቀን፣ አንድ ጋሪ ቢዘገይ፣ ይሄ የእናንተ ነገር በዚያው ያበቃል። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለች እትዬ ተረኛ፣ አንዳችንንም ሳትጠይቅ።

እኔ በልቤ አለቀልን አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ውርርድ የሚያሸንፍ ሰው አይቼ አላውቅም።

ብዙም አልቆየ። የጨረቃዎቹ በዓል ማክሰኞ ይሆናል ተባለ፤ የእኛ፣ ቀኑ የማይነቃነቀው፣ ረቡዕ ነበር። እነ ባለ ዱቄቷ ያን ሰሞን ለሌላ ሆስፒታል በውሰት ተልከው፣ የቀረነው ሁለታችን ወገን ብቻ ነበርን። እንደ ልማዳችን ቀን ተሰጣጣን፦ ማክሰኞ እኛ ልንቆምላቸው፣ ረቡዕ እነሱ ሊቆሙልን። ከዚህ የተሻለ ስምምነት ያለ አይመስልም ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ግን በሩ ተከፍቶ የጨረቃዎቹ ሴቶች ፊታቸውን ጥለው በሥራ ልብስ ገቡ። ከፊት ሎጋዋ ነበረች፤ ቁመቷ ቧንቧው ላይ የሚደርስ፣ ማድረቂያው ላይ የምትሠራ።

መርፌ ቀና ብላ አየቻት። መርፌ የምንላት የተቀደደ አንሶላ የምትጠግነዋን ነው፤ ምላሷም እንደዚያው ይወጋል። «ምነው? ዛሬ በዓላችሁ አልነበረም እንዴ?»

«ጨረቃዋ አልታየችም» አለች ሎጋዋ። «ነገ ሆኗል።»

 ሁላችንም የገባን እኩል ነው። ነገ እነሱ ሊቆሙልን ነበር፤ እኛም ቀናቸውን ሰጥተናቸዋል። ሁለታችንም ቃል ገብተን ሁለታችንም የለንም ማለት ነው።

«ነገማ የኛ ነው!» አለች መርፌ።

«የናንተ እኮ ቀኑ ከዓመት ዓመት ያው ነው፣ የትም አይሄድባችሁም! ልጆቼ አዲሱን ልብስ ለብሰው ካልተኛን ብለው አስቸግረውኝ ነው ያደሩት።»

«ጨረቃችሁ ብትደበቅ እኔ ምን ላድርግ? መነጽር ግዙላት!»

«አንቺ ብሎ ተናጋሪ! አፍንጫሽ ላይ ብትወጣም ቀኗ ካልተጻፈልሽ አታዪያትም!»

«አፍንጫዬን ተዪው እሺ? አንቺን ሽቅብ ሳይ ነው አንገቴ የተጣመመው!»

ሎጋዋ እርጥብ ፎጣ አነሳች። ፎጣው ከእጇ ሳይወጣ እትዬ ተረኛ መሃል ገባች።

«በቃ! ነገ ሁላችሁም ሂዱ።»

«ሁላችንም?»

«ቀኑ ተሰጥቷል። የተሰጠ ቀን አይነጠቅም ስንል ጨረቃ ከታየች ብለን ነው እንዴ?»

«ጋሪውስ? ስምንት ሰዓቱስ?» አልኳት እኔ።

«ጋሪው የኔ ጣጣ ነው።»

በዚያ ቀን ሁለቱም ወገን ስለነበረ፣ ከረጢት የሚባል ሳይቀር እስከ ታች አራግፈን አጠብን፤ ለነገ ያደረ ነገር እንዳይኖር። የነገው ግን ነገ ነው የሚመጣው። በሽተኛ በዓል አለ ብሎ አንሶላ ሳያቆሽሽ አይውልም።

እኔ ቀረሁ። ጀግንነት አይምሰላችሁ። በዓል ለእኔ ምንድን ነው? እንግዳ ሲበላ ቆሜ፣ እንግዳ ሲሄድ ሳህን ማጠብ ነው። ቤት ብውል የማጥበው ሳህን፣ እዚህ ብውል የማጥበው አንሶላ። አንሶላው ቢያንስ «ጨው በዛበት» አይልም። ለእትዬ ተረኛ ይሄንኑ ስነግራት ሳቀችና፣ «አንቺ ከኔ ጋር ሁለት ሆነሽ፣ ጋሼ ሦስት፤ ይበቃናል» አለች። አይበቃም ነበር። ሮለሩ ብቻውን አራት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለት አስገቢ፣ ሁለት ተቀባይ።

ረቡዕ ጠዋት ከረጢቶቹ እንደ ሁልጊዜው መጡ። ከመስኮቱ ላይ ጫማዎች ያልፋሉ፤ ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም የተወለወለ፤ የሕፃናት ጫማ ደግሞ እየዘለለ። ከሩቅ ከበሮ ይሰማል። ጋሽ እንፋሎት ቦይለራቸውን እንደ ሕፃን እያባበሉ አሞቁት።

እትዬ ተረኛ ከረጢቶቹን ዞር ዞር ብላ አየችና እንዲህ ብላ ወሰነች፦ ሮለሩ ላይ የሚገባው የቀዶ ጥገና ክፍል ጨርቅ ብቻ ነው፤ የመኝታ ክፍሎቹን በእጅ እንወጥራለን። ሮለሩ ከመምጣቱ በፊት እንዲያ ነበር የሚሠራው። አንሶላው ከማድረቂያው ትኩሱን ይወጣል። ሁለት ሰው ጫፍ ለጫፍ ይይዛል፣ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ጧ! አድርጎ ይመታል፣ ከዚያ ተገናኝቶ ጥጉን ከጥጉ ያጋጥማል። ትኩሱን ደራርበን ከላይ ከባድ ነገር ስንጭንበት መስመሩ ይቀራል። ለሮለሩ ደግሞ ጋሽ እንፋሎት ከቦይለሩ እየሮጡ መጥተው ይቀበሉናል። አንድ ጊዜ እኛ ጋ ሲቆዩ ግፊቱ ወረደና ሮለሩ ቀዘቀዘ። «አያችሁ? ቀናተኛ ናት! ሌላ ሴት ጋ ስቆም አትወድም» ብለው ተመልሰው ሮጡ።

ስንወጥር ስንወጥር፣ ጫፉን ይዤ ወደ እሷ ስሄድ፣ ለዓመታት ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ ያንቺ በዓል ግን የትኛው ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«እንዴት እንጃ?»

«ያደግሁት ወላጅ የሌላቸው ልጆች ቤት ነው። ማን ወለደኝ፣ ከማን ወገን ነኝ፣ የሚያውቅ የለም። ስጦታ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ የራሱን በዓል ይዞ ይመጣ ነበር፤ እኛም የመጣውን እናከብራለን። አንዱ መብራት ያበራልናል፣ አንዱ መዝሙር ያስጠናናል። ካደግሁ በኋላ አንዱን ልምረጥ አልኩ። ኋላ ሳስበው፣ የመረጥኩት የኔ ካልሆነስ? የተውኩት የኔ ከሆነስ?» ጧ! አደረገችው። «ስለዚህ ሁሉንም አከብራለሁ። የማንንም በዓል ባስከብር የእናቴ ሊሆን ይችላል። ጥጉን አስተካክዪ፣ ተጣሟል።»

አስተካከልኩት።  ያን ያህል ዓመት ሰው የራሱን ቀን ሲሰጥ ደግነት ብቻ መስሎኝ ነበር።

ረፋድ ላይ ባለ ሰዓቱ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ ቆጠረን፤ ለመቁጠር ብዙ አልፈጀበትም።

«ሌሎቹስ?»

«በዓል ላይ ናቸው» አለች።

«ሁሉም?»

«ጨረቃና ፀሐይ ተጋጩብን፣ ጌታዬ።»

ሰዓቱን አየ። ያልታጠበውን ክምር አየ። «ስምንት ሰዓት» አለ።

«ቃል ቃል ነው።»

ሄደ። እኛ ቀጠልን። ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ግን ክምሩን በዓይኔ መዘንኩት፤ ቢያንስ ሁለት ጋሪ ይቀረናል። እጄ ተልጧል፣ የእትዬ ተረኛ ጉልበት አብጦ ሽርጧ ሥር ይታያል። ጋሽ እንፋሎት ቀልድ አቁመዋል።

«እትዬ» አልኳት። «ልደውልላቸው? ሁለት ሰው ቢመጣ እኮ እንደርሳለን።»

«ብለሽ ብለሽ የሰጠሁትን ቀን ልመልስ በይኝ?»

«አለዚያ ነገሩ ዛሬ ያልቃል! ከእንግዲህ ማንም በበዓሉ አያርፍም!»

«ጠርተን ካመጣናቸውማ ያኔውኑ አልቋል። ባለ ሰዓቱ ቢነጥቀን በግዱ ነው፤ እኔ ግን በእጄ አልነጥቅም። አንቺ ሁልጊዜ አለቀ ባይ! ያዢ ጫፉን።»

ያዝኩት። አልደወልኩም። ስናጥፍ ግን አንድ ነገር አየሁ፤ ዓይኗ የግድግዳውን ሰዓት ደጋግሞ ይሰርቅ ነበር። ያቺ ማንም ሲጮህባት የማትደነግጥ ሴት ልትሸነፍ እንደሆነ ታውቃለች፤ እያወቀች ጥግ ከጥግ ታጋጥማለች።

በሩ ተከፈተ። ሎጋዋ ናት። የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ቀሚስ፣ የተኳለ ዓይን፣ በእጇ የተሸፈነ ሳህን። ገና ልንናገር ስንል የጓሮው በር ተከፈተና መርፌ ገባች፤ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ እሷም ሳህን ይዛ። ሁለቱ ተያዩ።

«አንቺ ደግሞ ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አለች መርፌ።

«አንቺስ?»

«እኔማ አንቺ መጥተሽ ነገ በጠዋት 'እኔ ነኝ ያዳንኳችሁ' ስትይ ላለመስማት ነው!»

«በይ እኔም በዚያው ነው የመጣሁት!»

እትዬ ተረኛ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «ማንም አልጠራችሁም። ቀናችሁ ነው። ውጡ።»

«ቀኔ ከሆነ በቀኔ ያሻኝን አደርጋለሁ» አለች መርፌ። «ሽርጥ የት አለ?»

ሎጋዋ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጎጠችው። አራት ሆነን ሮለሩን ስናስነሳ ጋሽ እንፋሎት ከወዲያ፣ «እልልል!» ብለው እንደ ሴት ጮኹ። ሥራው ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ይፈስ ጀመር። ሁለቱ ሲሳደቡ እጃቸው አይስትም፤ እንዲያውም ሲሰዳደቡ ነው የሚፈጥኑት። «ቀስ በይ፣ እንደ ጨረቃሽ አትዘግዪ!» «አንቺ እንደ ቀንሽ ተቸንክረሽ አትቅሪ፣ ተቀበዪ!» ኩሉ በላብ ወርዶ ሎጋዋ ጉንጭ ላይ መስመር አወጣ። የመርፌ ነጭ ቀሚስ ጫፉ በረኪናና ዝገት ጠጣ። አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩትም።

ባለ ሰዓቱ ሲመለስ የመጨረሻው ጋሪ በሩ ላይ ነበር። ሰዓቱን አየ። እኔ የግድግዳውን አየሁ፤ ስምንት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ወደ ጋሪው ሄደና ከላይ ያለውን አንሶላ አነሳ።

«ይሄ በሮለር አልገባም።»

«አልገባም» አለች እትዬ ተረኛ። «ንጹሕ ነው፣ ደርቋል፣ ተጣጥፏል። የቀረውን በሽተኛው ሲተኛበት ይተኩሰዋል።»

አንሶላውን አገላበጠ። ጥጉን ከጥጉ አስተያየ፤ ፀጉር የሚያስገባ ክፍተት አልነበረውም። መልሶ አስቀመጠውና ለጋሪ ገፊዎቹ በእጁ ምልክት ሰጠ። ጋሪው እየተንጫጫ ወጣ። ከዚያ ነው ባለ አረንጓዴዋንና ባለ ነጯን በሽርጥ ያያቸው።

«እነዚህ እረፍት ላይ አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው» አለች።

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«እንኳን አደረሰሽ ልንላት ነው የመጣነው፣ ጌታዬ» አለች መርፌ። «ክልክል ነው?»

«በአንሶላ ነው እንኳን አደረሰሽ የምትባባሉት?»

«በሳህንም አለ» አለች ሎጋዋ፣ የተሸፈነውን እየገለጠች።

ማጣጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ ሳህኖች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሁለት በዓል አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ያየሁት ያን ቀን ነው። ባለ ሰዓቱ ቆሞ ትንሽ ቀመሰ፣ ከዚያኛውም ጨመረ። እኛ እየበላን አፉን እናያለን። ምን እንደሚል የሚያውቅ አልነበረም። ጣቱን በመሐረብ ጠረገና ኪሱ ውስጥ ያለውን እስክሪብቶ አወጣ።

«የሚቀጥለው በዓል የማን ነው?» አለ። «ከእንግዲህ ቀድሜ ልወቅ። ይጋጭም አይጋጭም፣ ቀድሜ ልወቅ።»

ገባኝ። ሁላችንንም ገባን፤ ቀን መስጠታችን አልተነጠቀም። ሎጋዋ የመርፌን እጅ ጠረጴዛው ሥር ስትይዘው አየሁ፤ መርፌ ነገ እንደምትክደው አውቃለሁ። እኔ በእትዬ ተረኛ ቦታ ብሆን አንገቴን ደፍቼ «እግዜር ይስጥልን» ብዬ በዚያው ዝም እል ነበር፤ ሰው የሰጠንን ይዘን መሄድ ነው የለመድነው። እሷ ግን ጉልበቷን እያሸች እንዲህ አለች፦

«የጋሽ እንፋሎት ነው፣ በመጪው ወር። ወላጆቻቸው የተቀበሩበት ድረስ ሄደው ነው የሚያከብሩት። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ዋዜማውንም ይጨምሩላቸው።»

ጋሽ እንፋሎት ጉርሻቸው አፋቸው ውስጥ ቀረ። በኖሩበት ዘመን ሁሉ ዋዜማ ጠይቀው አያውቁም።

«ዋዜማውንም?» አለ ባለ ሰዓቱ። «ቦይለሩንስ ማን ይይዛል?»

«እኔ» አለች፣ ማሽኑ የሚጮህ ይመስል በታላቅ ድምፅ። «ግፊቱን ጋሼ ያስተምሩኛል። ይጻፉት።»

ጻፈው።